የዳክዬዋ አንገት

እናንተዬ፣ ሰው በአንገቱ የሚጠፋበት ዘመን መጣ! አንገቱ ተቆርጦ ማለቴ አይደለም፤ ነቅንቆት እንጂ።

ኡሜኪ ማቺኮን ያገኛት ይኸው ነው። ማቺኮ ሳካይ ከተማ ባለ የብስክሌት ደወል ፋብሪካ የደንበኛ ቅሬታ የምትሰማ ሴት ናት። "ደወሌ እንደ ታመመ ድመት ያቃስታል" የሚለውን፣ "የጎረቤቴ ደወል ከኔ ለምን ይጮሃል" የሚለውን፣ ሁሉንም ሰምታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ አሳስቃ ትሸኘዋለች። ሥራዋን ስትወደው! ፋብሪካው የቢሮ ሠራተኞቹን "ከየቤታችሁ ሥሩ" ካላቸው ወዲህ ግን ሳካይን ትታ ባሕር ተሻግራ ሾዶ ደሴት ገብታለች። የወሰዳት ሌላ አይደለም፤ ባል ነው። "ማቺኮ ቆማ ቀረች" እያሉ ከንፈር ሲመጡላት የኖሩ አክስቶቿ ዓይናቸው እያየ፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ ታኪሞቶ ዮሄይን አገባች።

ዮሄይ የሶያ ሶስ የሚጠመቅበትን፣ ሰውን ከነቁመቱ የሚውጠውን ትልቁን የእንጨት በርሜል የሚሠራ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው። አፉን ግን እንዲያው ተዉት። "ምሳው ጣፈጠህ?" ሲሉት ይነቀንቃል። "ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ" ሲሉት ይነቀንቃል። "ቤቱ ተቃጠለ" ቢሉትም መጀመሪያ ሳይነቀንቅ ባልዲ አያነሳም። መነቅነቁ መስማቱ ነው፤ ደስ ይበለው ይክፋው የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ናቸው። ማቺኮ ይህን ዝምታውን ወድዳ ነው ያገባችው። ደግሞም ዝም አይነቅዝም ይባላል። እንዴት እንደሚነቅዝ ኋላ ታዩታላችሁ።

ስብሰባ የሚደረገው ኮምፒውተር ውስጥ ባለ አዳራሽ ነው። በገዛ ፊቱ የሚገባ የለም፤ ሁሉም የመረጠውን አቫታር፣ ማለትም የእንስሳ ምስል፣ ለብሶ ነው ከች የሚለው። ካሜራው ፊትና አንገትን እያየ ምስሉን ያንቀሳቅሰዋል፤ ሲስቁ ይስቃል፣ ሲያዛጉም ያዛጋል። ማቺኮ ቢጫ ዳክዬ ናት። አለቃዋ ሺኖዳ ክራቫት ያሰረ ሽመላ ነው። ከሽያጭ ክፍል ያለችው ጓደኛዋ ኒሺዋኪ ሐምራዊ ሪባን ያሰረች ነብር ናት፤ እሷ እንኳ በሰውነቷም ነብር ናት። የፋብሪካው ፕሬዚዳንት ካናሞሪ ደግሞ ቀይ ዓሣ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስትጫወት መረጠችላቸው፤ እሳቸው መቀየሩን አያውቁበትም፤ ባወሩ ቁጥር ከአፋቸው አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዓመት ሊሞላው ነው፣ "ፕሬዚዳንት፣ ዓሣ ሆነዋል እኮ" ብሎ የደፈረ አንድ ሰው የለም።

ነገሩ የተበላሸው በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። ሽመላው ሺኖዳ መድረክ ላይ ወጣና ክራቫቱን አስተካክሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከዛሬ ጀምሮ እጅ አውጡ፣ እጅ አውርዱ የለም" አለ። "አዲስ ነገር አስገብተናል። አዳራሹ ራሱ ከእንቅስቃሴያችሁ ስምምነታችሁን ያነባል።"

እንዴት አድርጎ እንደሚያነብ አልተናገረም። የጠየቀውም የለም። መጠየቅ እኮ "አልገባኝም" ማለት ነው፤ በሰው ፊት ማን ይሞክረዋል! ያን ዕቃ የሠሩት ሰዎች ግን ባሕር ማዶ ያሉ፣ አንገታቸውን የሚነቀንቁት ሲስማሙ ብቻ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ወይ ጉድ! ሰው ሲያወራ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? እንደ ሐውልት ያፈጣሉ? መቼም የጨዋ ልጅ ሰው ሲናገር "እህ፣ እህ" እያለ አንገቱን ይነቀንቃል፤ "ጆሮዬ ካንተ ጋር ነው፣ ቀጥል" ማለቱ ነው። ማቺኮ ደግሞ በዚህ የሚወዳደራት የለም። ስንት ዓመት ቅሬታ ስትሰማ ኖራ፣ ማንም በማያያት ስልክ ላይ እንኳ ስትነቀንቅ ትውላለች። ተናጋሪ ሁሉ መድረክ ላይ ሲወጣ በዓይኑ የሚፈልገው ያቺን ቢጫ ዳክዬ ነው።

"የዛሬው ሐሳብ" ሲል ቀጠለ ሺኖዳ፣ "ከኤፕሪል ጀምሮ ሁላችንም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሳካይ ወዳለው ቢሮ እንድንመለስ ነው።"

የማቺኮ ልብ ዱብ አለ። አንገቷ ግን ነቀነቀ።

"በአካል መገናኘት የራሱ ሙቀት አለው..." ነቀነቀች። "ይህን አዳራሽም እንዘጋዋለን..." ነቀነቀች። ነብሯም ነቀነቀች፣ ሌሎቹ ባልደረቦቿ ጥንቸሉም፣ ኤሊውም፣ ቀዩ ዓሣም አረፋውን እያወጣ ነቀነቀ። በየራሱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ማቺኮ "ምነው ዛሬ አዳራሹን አሳመሩት" ብላ አሰበች፣ በዚያ ጭንቀቷ መሐል። ከዚያ የአዳራሹ ደወል ጭርርር አለና ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጻፈ፦ "ሙሉ ስምምነት። ተቃዋሚ የለም።"

ሺኖዳ "በጣም አመሰግናለሁ" ብሎ ረጅሙን አንገቱን ሰበረ። ፕሬዚዳንቱ በሚመጣው ሰኞ ያጸድቁታል ተብሎ ተበተነ። ማቺኮ ኮምፒውተሯ ፊት ደርቃ ቀረች። በገዛ አንገቷ ከገዛ ትዳሯ ተባረረች!

ምሳ ላይ ትኩስ ኑድል አቅርባ ከዮሄይ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ዮሄይ ሳን፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ሳካይ ተመለሱ ተባልን" አለችው፤ "ሳን" በአገራቸው የአክብሮት መጥሪያ ነው።

ዮሄይ ኑድሉን ስቦ ዋጠና ነቀነቀ።

"ክፍል መከራየት ሊኖርብኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ እመጣለሁ።"

ነቀነቀ። "እህ" አለ።

"ሰኞ ጠዋት ደግሞ እመለሳለሁ።"

አሁንም ነቀነቀ። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ አጠበና ወደ በርሜሎቹ ወጣ። ማቺኮ ያን ጊዜ እንዴት እንደከፋት! "አትሂጂ" ቢላት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት። "ሂጂ" ቢላትም አንድ ነገር ነው፣ ተጣልታ ትወጣዋለች። ይሄ ንቅናቄው "ሰማሁሽ" ነው? "እሺ" ነው? ወይስ "ተገላገልኩ" ነው? እሺ ይበልጣል ከሺ ያለው ሰው ከዮሄይ ጋር አልኖረም። ወጥ ቤት ቆማ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ኒሺዋኪ ጋ ደወለች።

"ኒሺዋኪ ሳን፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቢሮ ልትመለሺ ነው" አለቻት፣ ድምጿ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች።

"እንኳን ደስ ያለሽ? አንቺ ሴትዮ ትቀልጃለሽ!" ኒሺዋኪ ጮኸች። "በዚያ ባቡር ውስጥ ተጣብቄ፣ የማላውቀው ሰው ዣንጥላ ጎኔን እየወጋኝ ልሄድልሽ ነው! ከምሳ በኋላ ያለው የጭፈራ ትምህርቴስ? መምህሩ 'ወገብሽ ገና አሁን ተፈታ' ካለኝ ሳምንቱ ነው!"

"ታዲያ ለምን ነቀነቅሽ?"

"ሰው እያወራ ላፍጥበት? እናት አላሳደገችኝም?" አለች ኒሺዋኪ። ቀስ ብላ ደግሞ፣ "ቆይ... አንቺም?" አለች።

"እኔም።"

"ያ አረንጓዴ መብራት... አንገታችንን ነው እንዴ የቆጠረው?"

ያኔ የሁለቱም ሳቅ አመለጠ፤ ማቺኮ እያለቀሰች ነው የምትስቀው።

"በይ ሰኞ ንገሪያቸዋ!" አለች ኒሺዋኪ።

"አንቺ ንገሪያቸው! ነብሯ አንቺ ነሽ።"

"ነብርነቴ ለእኩያዬ ነው፤ ለፕሬዚዳንት ለፕሬዚዳንት አልሆንም። ደግሞ 'ሙሉ ስምምነት' ተብሎ ተጽፎ ማን ቀዝቃዛ ውሃ ይቸልሳል? ሁሉ የወደደውን እኛ ልናፈርስ?" ተነፈሰች። "ቢያንስ ሰኞ አትነቅንቂ። እኔም እሞክራለሁ።"

"አልችልም። ሳላስበው ነው የሚነቃነቀው።"

"እሰሪዋ! አንገትሽን በጣውላ እሰሪው!"

ኒሺዋኪ ለቀልድ ነው የተናገረችው። ማቺኮ ግን ስልኩን ዘግታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። አምና የበርሜል ክዳን ዮሄይን አንገቱ ላይ መትቶት ሐኪም ያሰረለት ወፍራም የአንገት መደገፊያ እዚያ ውስጥ ተኝቷል።

ሰኞ ጠዋት ማቺኮ መደገፊያውን አንገቷ ላይ አደረገች፤ ከኋላ ያለው ማሰሪያ ግን አልገጥም አላት። ዮሄይ ከበርሜሉ ቤት መጥቶ መንደሪን ሊወስድ ሲገባ አያት። ምነው አላለ፣ ምን ሆንሽ አላለ። እጁን ጠርጎ ከኋላዋ ቆመና ማሰሪያውን እንደ በርሜል ቀለበት ጠበቅ አደረገው።

"ጠበቀ?" አለ።

"ትንሽ።"

ጥቂት አላላላት። መውጣት ሲገባው አልወጣም፤ መንደሪኑን ይዞ ከኋላዋ ጥግ ላይ ቁጭ አለና መላጥ ጀመረ። ማቺኮ አዳራሹ ውስጥ ገባች።

ሺኖዳ ወጣ፤ እንደ ልማዱም በዓይኑ ዳክዬዋን ፈለገ። "ባለፈው ሳምንት በሙሉ ስምምነት እንደወሰንነው..." አለና ንቅናቄዋን ጠበቀ። ዳክዬዋ ቀጥ ብላለች።

"በሙሉ ስምምነት..." አለ ደግሞ። ዳክዬዋ ንቅንቅ የለም።

የሽመላው ዓይን ተቅበዘበዘ። መቼም ደህና አድማጭ ዝም ያለበት ተናጋሪ መሰላሉን እንደነጠቁት ሰው ነው። "ማለትም፣ ኤፕሪል... ማለቴ በኤፕሪል..." ወረቀቱን አገላበጠ። "ኡሜኪ ሳን፣ ይቅርታ፣ ኔትወርክ ተቋረጠብዎት?"

"አልተቋረጠም፣ ሺኖዳ ሳን። በደንብ ይሰማኛል።"

"እህ። ጥሩ። እንግዲህ ወደ ቢሮ መመለሳችን..." አሁንም ቆመ። አልቻለም። "ኡሜኪ ሳን፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?"

ጥንቸሉም ኤሊውም ወደሷ ዞሩ። ማቺኮ ሌሊቱን ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ "በታላቅ ትሕትና" ብሎ የሚጀምር። ብን ብሎ ጠፋ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እሷ ደግሞ ሊቀርባት የደረሰው ባሏ ነው።

"አልስማማም" አለች።

የዳክዬዋ አፍ ተከፍቶ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ቃል በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም።

"ባለፈው የነቀነቅኩት ስለሰማሁ ነው፤ ስለተስማማሁ አይደለም። እኔ ያገባሁት ገና አምና ነው። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦብኝ፣ እኔም ቆርጬ፣ ስንት ዘመን ቆይቼ ነው ያገባሁት። ባሌን ትቼ ብቻዬን ኪራይ ቤት መግባት አልፈልግም። ሥራዬንም መተው አልፈልግም፤ እወደዋለሁ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ! ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን ሁለቱንም እፈልጋለሁ።"

ለይቅርታው ጎንበስ ልትል ሞከረች፤ መደገፊያው አገታት። ዳክዬዋ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ይቅርታ ጠየቀች።

"እኔም በጆሮዬ ነው የነቀነቅኩት!" ብላ ነብሯ ከመቀመጫዋ ዘለለች። "አልፈልግም! ወገቤ ገና አሁን ነው የተፈታ!"

"ወገብ?" አለ ኤሊው።

"አያገባህም!"

"እኔም... እንደ እውነቱ..." አለ ኤሊው። ጥንቸሉም "እኔማ ስሰማ ሆዴን አሞኝ ነበር" አለ። ከዚያማ ግድቡ ተበጠሰ፤ ሁሉም ተንጫጫ። የሽመላው ረጅም አንገት ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ክራቫቱ ላይ አረፈ።

"እውነቱን ልናገር?" አለ ሺኖዳ። "እኔም አልፈልግም። ልጆቼን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ። ደስ ይለኛል። መንገድ ላይ እንዘፍናለን።"

"ታዲያ ማን ነው የፈለገው?" ብላ አፈጠጠችበት ነብሯ።

ሺኖዳ አመነታ። "በዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ ፕሬዚዳንት 'ቢሮው ጭር ብሏል፣ ደስ አይልም' ሲሉ ሰማሁ። ሐሳባቸው ገባኝ። ሳይናገሩት... እኔ ላቅርበው ብዬ ነው።"

ዓይን ሁሉ ወደ ቀዩ ዓሣ ዞረ። አረፋ ቡልቅ አለ።

"እኔ?" አሉ ፕሬዚዳንት ካናሞሪ። "እኔ እኮ ምሳ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው እንዲያ ያልኩት! ሺኖዳ ሳን 'እንመለስ' ብለው ሲነሱ፣ እናንተም ሁላችሁ ስትነቀንቁ፣ 'ወጣቶቹ ከፈለጉ ምን ይደረጋል፣ እኔም ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳላቸው' ብዬ ነቀነቅኩ። እውነት ከተጀመረ ደግሞ እኔም የምጠይቀው አለኝ። እኔ ለምንድን ነው ዓሣ የሆንኩት?"

አንድ ሰው ሳቁን ሊውጠው ሲታገል አፈነዳው፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "በጣም ያምርብዎታል!" አለች ኒሺዋኪ፤ ሁሉም ነቀነቀ። ደወሉ ጭርርር አለና ግድግዳው ላይ ተጻፈ፦ "ሙሉ ስምምነት።"

"እሱ እንኳ ይጽደቅ" አሉ ፕሬዚዳንቱ። "አሁን ግን ስሙኝ። የጆሮ ንቅናቄ ዛሬ ይብቃ። እንደ እስካሁኑ ከየቤታችን እንሥራ፤ በወር አንድ ቀን ግን ሳካይ ትመጡና አብራችሁኝ ምሳ ትበላላችሁ። በዚህ ከልቡ የሚስማማ ብቻ ይነቅንቅ። ያልተስማማ አንገቱን ይያዝ፤ አንቀየመውም።"

አረንጓዴው መብራት መብራት ጀመረ፣ በነብሯ ራስ፣ በኤሊው፣ በጥንቸሉ፣ በሽመላው። ማቺኮ መነቅነቅ አማራት፤ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን መነቅነቅ አምሯት አያውቅም። መደገፊያው ግን ወይ ፍንክች! ማሰሪያውን ከኋላዋ ጎተተች፣ ደግማ ጎተተች። የዮሄይ እጅ ያጠበቀው ነገር በዋዛ አይፈታም። "ቆዩኝ፣ እባካችሁ ቆዩኝ፣ እኔ አልነቀነቅኩም" ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ደረቀ።

ዳክዬዋ እየነቀነቀች ነው።

የማቺኮ አንገት ታስሯል፤ ቢጫዋ ዳክዬ ግን ላይ ታች፣ ላይ ታች፣ ምንቃሯ ጠረጴዛውን እስኪመታ ትነቀንቃለች። ራሷ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ከሁሉ በልጦ በርቷል። ደወሉ ጮኸ፦ "ሙሉ ስምምነት።"

"ኡሜኪ ሳን፣ ቀስ ይበሉ፣ አንገትዎን ይጎዱታል" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

ማቺኮ ከነመደገፊያዋ መላ ሰውነቷን ወደ ኋላ አዞረች። ዮሄይ ጥጉን ትቶ ተንበርክኮ መጥቶ ትከሻዋ ሥር ደርሷል። ጉንጩ በመንደሪን ተወጥሯል። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ፣ ከወገቡ ጀምሮ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነቀንቃል። ያ ሞኝ ካሜራ የታሰረችውን ትቶ የሚነቃነቀውን ፊት ይዟል።

"ዮሄይ ሳን" አለች። "ይሄ የጆሮ ነው የልብ?"

ዮሄይ መነቅነቁን አቆመ። መንደሪኑን አላመጠ፣ ዋጠ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"የልብ" አለ።

ማቺኮ ጠበቀችው። እሱም ይህኛው በመነቅነቅ እንደማይታለፍ ገባው።

"አትሂጂብኝ" አለ። "ያን ቀንም ልልሽ ነበር። ስትሠሪ የምትስቂው ሳቅ በርሜሉ ቤት ድረስ ይሰማኛል፣ እሱ ሲቀር... እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም። አትሂጂብኝ።"

በአንድ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ የረዘመ ነገር ተናግሮ አያውቅም፤ ማይክሮፎኑም ክፍት ነበር። ከዚያ ኒሺዋኪ ከጠረጴዛዋ ላይ እውነተኛውን የብስክሌት ደወል አነሳችና ጭርርር አደረገችው። ኤሊው የራሱን ደወለ፣ ሺኖዳ ደወለ፣ ቀዩ ዓሣም ሳይቀሩ ደወሉ፤ በየቤቱ ያለ ደወል ሁሉ አንድ ላይ ተንጫረረ።

ዮሄይ ደንግጦ ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ደረሰ። ማቺኮ እጁን ያዘችው፣ መነቅነቅ እንደማትችል አውቃ "አልሄድም" አለችው በአፏ።

እሱም ነቀነቀ።